አሮጌው ዲናሞ

ሰው ዕቃ ሲገዛ ደስ ይለዋል፤ የገዛው ዕቃ ሲያረጅበት ግን ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ዕቃ ያረጀበት ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ ይኸውም ወይ ማሳደስ ነው፣ ወይ ጥሎ ሌላ መግዛት ነው። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥም ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም፣ ኪስን መዳበስ ብቻ ይበቃል የሚሉ አይጠፉም። እኛም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከነዚህ ሰዎች ወገን ነበርን። ዳሩ ግን በዚያ ዓመት በየካቲት ወር በሾላ ገበያ ባለች አንዲት ወፍጮ ቤት የደረሰብን ነገር ይህን አሳባችንን ስላስለወጠን፣ ታሪኩ ለሌላው ሳይጠቅም አይቀርም ብለን ለአንባብያን ልናቀርበው ወደድን። በታሪኩ ውስጥ የእኛ ጥፋት ስላለበት መጻፉ አልቀለለንም፤ ነገር ግን ጥፋቱን ዘሎ ትምህርቱን ብቻ የሚናገር ሰው ሰሚውን ያታልላል።

ሾላ ገበያን የሚያውቅ ሰው፣ ከመገናኛ ብዙ ሳይርቅ የተዘረጋውን ያን የግብይት ስፍራ በዓይኑ ሳያይ በአፍንጫው ሊለየው ይችላል። በአንድ በኩል የቅቤው፣ በሌላ በኩል የኮረሪማው፣ የጥቁር አዝሙዱና የበሶብላው ሽታ ተቀላቅሎ መንገደኛውን ይቀበለዋል። የእኛ ወፍጮ ቤት ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ትገኛለች። አባታችን በ1985 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲገለሉ ያጠራቀሟትን ገንዘብ አውጥተው ያቋቋሟት ናት። ያን ጊዜ የተተከለው ዲናሞ የጣሊያን አገር ሥራ ሲሆን፣ ኃይሉ 20 የፈረስ ጉልበት፣ መልኩ አረንጓዴ፣ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅም ወፈር ያለ ነበር። አባታችን ሲገዙትም አዲስ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ሠርቶ የመጣ ነው። አባታችን በ2006 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እናታችን የሚተዳደሩት፣ ታናሽ እኅታችንም የምትማረው፣ ከዚህች ወፍጮ ቤት በሚገኘው ገቢ ነው። የእኛ የወር ደመወዝ፣ እንደ ብዙ የሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ፣ የራሳችንን ጎጆ ችሎ ከሚያድር አያልፍም።

በልጅነታችን ከየካ አቀበት ወርደው እህል የሚያስፈጩ ባልቴቶች ወፍጮ ቤታችንን «ባቡር ቤት» ይሏት ነበር። እኛም ባቡር ሐዲድ ላይ የሚሄደው ብቻ ስለሚመስለን እንስቅባቸው ነበር። ነገር ግን ባልቴቶቹ አልተሳሳቱም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባሉት አርመናዊ ያስመጡትን የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ እንደ ጠራው ሁሉ፣ በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ መሣሪያ በሙሉ ለእነርሱ ባቡር ነው። ከነዚያ ባልቴቶች አንዷ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ፊት ተንበርክከው፣ መጁን በሁለት እጃቸው እየገፉ ለአንድ ቀን እንጀራ የሚበቃ ዱቄት ለማውጣት ሌሊቱን ይፈጁት እንደ ነበረ ለእናታችን ሲያጫውቱ ሰምተናል። እንግዲህ የአንዲት ወፍጮ ቤት መቆም ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰው ጉዳት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በወፍጮ ቤቱ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። እህሉን የሚያፈሱት፣ ድንጋዩን በመሮ የሚወቅሩት፣ ቺንጋው ሲላላ የሚያጠብቁት እርሳቸው ናቸው። ስማቸውን መጻፍ ቢችሉም ከዚያ ያለፈ ትምህርት አልቀሰሙም። ሆኖም ዱቄቱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሸት አድርገው «ድንጋዩ ደንዝዟል» ካሉ ድንጋዩ ደንዝዟል ማለት ነው።

ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነገሩ ደረሰ። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 17 ቀን ስለ ነበረ ቀኑ የጥድፊያ ነበር፤ ሽሮና በርበሬ የሚያስፈጭ ሰው ከበሩ አልፎ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፎ ነበር። ከረፋዱ በአራት ሰዓት ገደማ ዲናሞው ድምፁን ለውጦ አጉረመረመ፤ ወዲያውም ጥቁር ጢስ ከጎኑ ወጣ። በስልክ ተጠርተን ከመሥሪያ ቤታችን ስንደርስ ቤቱ የተቃጠለ ቬርኒሽ ሸትቷል፣ ሰልፈኛው ተበትኗል፣ ጋሼም ከከረጢቶቹ አጠገብ ቆመዋል። እኛም ሳንጠይቅ፣ ሳንመረምር፣ «እርስዎ እኮ እህሉን አብዝተው ስለሚለቁበት ነው! ይኸው አቃጠሉት!» ብለን በሰው ፊት ጮኽንባቸው። ጋሼ አንዲት ቃል አልመለሱም። ቆባቸውን አውልቀው ዱቄቱን አራገፉ፤ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ከከረጢት ላይ አኑረው ወጡ። እናታችን ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እሳቱ ዲናሞውን አቃጠለው፤ አንተ ደግሞ ሰውየውን አቃጠልከው» አሉን። ነገሩን የሰማነው በጆሮአችን ብቻ ነበር፤ ወደ ልባችን የገባው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

በማግሥቱ ማታ በእናታችን ቤት የቤተ ሰብ ምክር ተደረገ። ታናሽ ወንድማችን አዲስ ይገዛ አለ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት በእኛ ቤት የሠራ፣ ከዚያም በፊት ስንት ዓመት እንደ ሠራ የማይታወቅ ብረት ነው። ዛሬ ብናሳድሰው ነገ ይቃጠላል፤ በዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ይበላል» አለ። እናታችን በበኩላቸው፣ «አባታችሁ ያቆመው ነው» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩም። ይህም ምክንያት ይሁን ወይም ኀዘን፣ ለመለየት አልቻልንም።

እኛ በመሥሪያ ቤታችን የተመደብንበት ሥራ ንብረት መመዝገብና የግዥ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ወረቀት አውጥተን በሁለት ዐምድ ከፍለን ማስላት ጀመርን። በመርካቶ ዞረን እንደ ተረዳነው፣ ደኅና የሚባል አዲስ ዲናሞ የሚሸጥበት ዋጋ አሮጌውን ለማስጠቅለል ከምንጠየቀው አምስት እጥፍ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ዋጋው መናሩን አንባቢ ያውቀዋል። አዲሱን ለመግዛት ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር መበደር ግድ ሊሆንብን ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ለባለ ወፍጮ የተነገረ ያህል ተሰማን።

ነገር ግን የወንድማችንም ቃል መናቅ የሚገባው አልነበረም። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ 20 የፈረስ ጉልበት 15 ኪሎ ዋት ያህል ነው። አሮጌው ዲናሞ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከመቶ 86 እጁን፣ አዲሱ ደግሞ ከመቶ 90 እጁን ወደ ሥራ ይለውጣል ብለን ብንገምት፣ በሙሉ ጭነት ሲሠሩ ልዩነቱ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በጥቂቱ ያነሰ ነው። በቀን ስድስት ሰዓት፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ቢሠራ ወደ 1,400 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህ ቀላል አይደለም። ሆኖም ይህ ቁጠባ የአዲሱን ዋጋ እስኪመልስ ድረስ ብዙ ዓመታት መቆጠራቸው አይቀርም። በመርካቶ ዋጋው ረከስ ያለ ሌላ አዲስ ዲናሞም አይተን ነበር፤ ነገር ግን ሽቦው አሉሚኒየም መሆኑን ሻጩ ራሱ አልደበቀንም። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ስድሳ ከመቶው ያህል ስለሆነ፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ወፍራም ሽቦና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ዲናሞ ግን ከእኛው ከአሮጌው ይልቅ ጠበብና ቀለል ያለ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «አዲስ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስ ሊሆን አይችልም።

በዚህ አሳብ ተይዘን ሳለ በመሥሪያ ቤታችን አንድ የባሕር ዳር ተወላጅ ባልደረባችን ነገሩን ሰምቶ የራሱን ቤት ታሪክ አጫወተን። ቤተ ሰቦቹ በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛን ወደ ዘጌ ገዳማት የምታመላልስ ጀልባ አላቸው። ከጀልባይቱ ኋላ የሚታሰረው ሞተር አርጅቶ ሦስት ጊዜ ታድሶ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሐይቁ ነፋስ በሚነሣበት ጊዜ፣ ሞተሩ ከመንገደኞቹ ጋራ በውሃው መካከል ቆመ። ምክንያቱም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ከሐይቁ የምትስበው የጎማ ክንፍ ተቀድዳ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ነበር። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውሃ ነው፤ ከመካከሉ የቆመ ሰው የሚጠራው ጎረቤት የለውም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ የሞተሩን መቅዘፊያ እየተበተበ ለአሮጌ ሞተር ሌላ ፈተና ሆኖበታል። እንደ ዕድል ሌላ ጀልባ ደርሳ ጎትታ አወጣቻቸው። በዚያው ሳምንት አባቱ አሮጌውን ሞተር ለመለዋወጫ ሽጠው፣ ላም ጭምር ሽጠው፣ አዲስ ገዙ። «ማሳደሱ ርካሽ ነበር» አለን ባልደረባችን፤ «ዳሩ ግን አባቴ የመንገደኛ ነፍስ በሒሳብ ውስጥ አይገባም ብለው እምቢ አሉ።»

ይህን ስንሰማ ወንድማችን እውነቱን ነው ለማለት ቸኮልን። ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ግን ቁርጡን ለማወቅ ያህል ዲናሞውን በጋሪ አስጭነን ወደ አንድ ጠቅላይ ወሰድነው። ጠቅላዩ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ፣ ሙያውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ነው። ዋጋውን ብቻ እንዲነግረን ብንጠይቀው፣ «ቆይ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ለምን እንደ ሞተ እንወቅ» አለን። ክዳኑን ፈትቶ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመለከተና እኛም እንድናይ ጠራን። ከሦስቱ የሽቦ ምድቦች ሁለቱ ከሰል መስለዋል፤ አንዱ ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር።

ወጣቱ የነገረንን በአጭሩ እንጽፈዋለን። የኛን አገር ባለ 380 ቮልት መስመር የሚጠቀም የወፍጮ ዲናሞ በሦስት ፌዝ ይሠራል። እህል በዝቶበት የተቃጠለ ዲናሞ ሦስቱም ምድቦቹ እኩል ይጠቁራሉ። ሁለቱ ጠቁረው አንዱ ከዳነ ግን ከሦስቱ ፌዞች አንዱ በመንገድ ተቋርጦበታል ማለት ነው። ዲናሞው ጭነቱን ላለመጣል በቀሩት በሁለቱ ብቻ ሲጎትት፣ በነርሱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ከልኩ 1.7 እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ ሽቦውም ይግላል። ሽቦውን የሸፈነው ቬርኒሽ ደግሞ ከተፈቀደለት ሙቀት በላይ በያሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ነው። «ስለዚህ» አለ ወጣቱ፣ «እርስዎ ዛሬ አዲስ ገዝተው ቢተክሉ፣ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሞታል።»

አብሮን ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደና የማብሪያውን ሳጥን ከፈተው። በውስጡ አንደኛዋ የመዳብ መገናኛ ተበልታ ጠቁራለች። ከዚያ በታች ዲናሞው ሲግል መስመሩን እንድትቆርጥ የተሠራችው መጠበቂያ ደግሞ በቁራጭ ሽቦ ታልፋለች፤ በሰፈራችን አነጋገር «ቀጥታ ተደርጋለች»። ወጣቱ፣ «ይህን ማን አስደረገው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን የምናውቀው እኛ ነበርን። በ2015 ዓ.ም. ያቺ መጠበቂያ በየጊዜው ወፍጮውን እያቆመች ብታስቸግር፣ አንድ የሰፈር ሠራተኛ ጠርተን፣ «ተበላሽታለችና ቀጥታ አድርጋት» ብለን ያዘዝነው እኛው ነን። ዕቃይቱ ግን አልተበላሸችም ኖሯል። መገናኛዋ እየተበላች መሆኗን፣ አደጋም እየመጣ መሆኑን ልትነግረን ስትጮኽ ነበር። እኛ ጩኸቷ ሥራ ስላስፈታን አፏን ዘጋናት።

አንባብያን ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማንን ኀፍረት ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። እንዲህ ያለው ነገር በወፍጮ ቤት ብቻ የሚገኝ አለመሆኑንም አሰብን። በየመሥሪያ ቤቱ «ይህ ሒሳብ አይገጥምም»፣ «ይህ ውል አደጋ አለበት» እያለ ሥራ የሚያስቆም ጸሐፊ ይኖራል፤ እኛም እንዲህ ያለውን ሰው አስቸጋሪ ብለን ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወር የተስማማንበት ጊዜ ነበር። ደግሞም ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ሳለ ሌላውን ሰው በአደባባይ ሰድበናል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናታችን ጋራ ወደ ጋሼ ቤት ወጣን። ቤታቸው ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ጥግ፣ ባሕር ዛፍ በከበባት ግቢ ውስጥ ናት። ጋሼ በበራቸው ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ለመሳም ብናጎነብስ ትከሻችንን ይዘው አቀኑን። የሆነውን ሁሉ፣ ያችን ቁራጭ ሽቦ ሳይቀር ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «በጥር ወር ድምፁ ተለውጧል ብዬህ ነበር፤ ስልክ እያየህ 'እሺ' አልከኝ» አሉን። እኛ ይህን ፈጽሞ ዘንግተነው ነበር፤ አሁን ግን ቀኑና ሰዓቱ ጭምር ትዝ አለን። ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር ሌላ የምንለው አልነበረንም። ጋሼም፣ «እግዜር ይቅር ይበለን» ካሉ በኋላ ወዲያው፣ «ለመሆኑ ዲናሞው ይድናል?» ብለው ጠየቁ። እናታችን ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው በጋሼ መዳፍ ላይ አኖሩት።

በዚያው ዕለት ማታ ምክሩ እንደ ገና ተነሣ። አሁን ግን በሁለት ዐምድ ማስላቱን ትተን አራት ጥያቄ አቀረብን። መጀመሪያው፣ ዕቃው የተበላሸው በእርጅናው ነው ወይስ በሌላ ምክንያት? የኛው የተቃጠለው በአያያዝ ጉድለት ነበር። ሁለተኛው፣ ዋናው አካሉ ጤነኛ ነው? ጠቅላዩ መርምሮ የብረቱ እምብርትና ዘንጉ ደኅና ናቸው፣ ኩሽኔታዎቹ ብቻ ይለወጡ ብሎ ነበር። ሦስተኛው፣ መለዋወጫውና ባለሙያው በቅርብ ይገኛል? ኩሽኔታውም የመዳቡም ሽቦ በከተማው ይገኛል። አራተኛው፣ ዕቃው ደግሞ ቢቆም የት ላይ ይጥለናል? የጣናው ሞተር ሰውን በውሃ መካከል ይጥላል፤ የኛ ወፍጮ ግን ቢቆም በደረቅ መሬት ላይ ይቆማል፤ ጉዳቱ ገንዘብ ነው እንጂ ነፍስ አይደለም። ስለዚህ የባልደረባችን አባት አዲስ መግዛታቸው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ እኛም ማሳደሳችን ትክክል ሊሆን እንደሚችል ተረዳን።

ወንድማችንም በሁለት ነገር ተስማማ፤ ይኸውም ዲናሞው ዳግመኛ ቢቃጠል ያለ ክርክር አዲስ እንዲገዛ፣ ለዚያም ቀን ከወፍጮ ቤቱ ገቢ በየወሩ ጥቂት ብር በእናታችን ስም በባንክ እንዲቀመጥ ነው። ይህንንም በጽሑፍ አድርገን ሁላችን ፈረምንበት። ማሳደስን የመረጠ ሰው አዲስ ከመግዛት ለዘላለም የዳነ መስሎት ገንዘቡን ቢበትን፣ ያሳደሰው ዕቃ ሳይሆን ችግሩን ነው።

የጠቅላዩን ሥራ ለማየት ከቢሮ መልስ ሁለት ቀን ሄደናል። አሮጌውን ሽቦ ከማውጣቱ በፊት በእያንዳንዱ ቦይ ውስጥ ስንት ዙር እንዳለ ቈጥሮ፣ የሽቦውንም ውፍረት ለክቶ በደብተር ጻፈ። አንዳንዶች ሽቦውን ቶሎ ለማውጣት ዲናሞውን በእሳት ላይ እንደሚጥሉትና ይህም በስስ የብረት ቅጠሎቹ መካከል ያለውን መለያያ አቃጥሎ ዲናሞውን ኤሌክትሪክ በላተኛ እንደሚያደርገው አስረዳን። በጥንቃቄ የተጠቀለለ ዲናሞ ግን ከቀድሞው እምብዛም የማያንስ ሥራ ይሰጣል። እርሱ ሽቦውን ቈርጦ፣ በልክ አሙቆ፣ በትዕግሥት አወጣው። ከዚያም በቦዮቹ መለያያ ወረቀት አንጥፎ አዲሱን መዳብ ጠቀለለ፣ ቬርኒሽ አጠጣው፣ በምድጃም አደረቀው። ከአዲስ ማብሪያ፣ ከአዲስ መጠበቂያና አንዱ ፌዝ ሲጠፋ መስመሩን ከሚቈርጥ መሣሪያ ጋራ ሁሉም ተደምሮ የአዲሱን ዲናሞ ዋጋ አንድ ሦስተኛ ያህል ወሰደ።

ይህን በምናይበት ጊዜ አንድ ትልቅ ምሳሌ ወደ አሳባችን መጣ። ለአዲስ አበባ ከተማ መብራት ከሰጡት ቀደምት የኃይል ማመንጫዎች አንዱ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው። በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ያህል የሚሰጠው የቆቃ ማመንጫ ሲመረቅ፣ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ የነበረው አባ ሳሙኤል እንደ ታናሽ ተቈጠረ፤ በ1960ዎቹም ሥራውን አቆመ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ ግን በቻይና ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደ ገና ኃይል ሰጠ። አገር አዲሱን ቆቃን መሥራቷ አላጠፋችም፤ የከተማው ፍላጎት በአሮጌው ሊሞላ አይችልም ነበርና። አሮጌውንም ማሳደሷ አላጠፋችም፤ ወንዙ ዛሬም ይወርዳልና። የሁለቱ መንገድ ፍርድ በዕድሜ ሳይሆን በሚፈለገው አገልግሎት የሚለካ መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ዓርብ የካቲት 14 ቀን ዲናሞው ከቦታው ተመለሰ። ወጣቱ የሦስቱን ፌዞች ኤሌክትሪክ በመለኪያ ለክቶ እኩል መሆናቸውን አሳየን። እኛ ቁጥሩን ስናይ ጋሼ ግን መለኪያውን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን አዳመጡና፣ «ይኸ ነው» አሉ። እናታችን የመጀመሪያውን ቁና ሽሮ ራሳቸው አፈሰሱ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ማታ ተፈጭቶ ሰኞ ጾሙ ገባ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ከምሳ በፊት አዲሲቱ መጠበቂያ ወፍጮውን አቆመችው። ሰልፈኛው አጉረመረመ፤ በዚያን ዕለት እኛም እዚያው ነበርን። የቀድሞው ልማዳችን ወደ አፋችን መጥቶ ነበር፣ አልሸሸግንም። ነገር ግን ዝም ብለን ጋሼን ተመለከትናቸው። እርሳቸውም ሳጥኑ አጠገብ ቆመው፣ «አንድ ነገር አይታ ነው እንጂ ያለ ነገር አታቆምም» አሉ። ጠቅላዩ ተጠርቶ ሲያየው አንዲት ብሎን ላልታ ተገኘች። በአሥር ደቂቃ ጠበቀች፤ ወፍጮውም ተነሣ። ያቺ ብሎን በ2015 ዓ.ም. ላልታ ብትሆን ኖሮ፣ በእኛ ትእዛዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ላልታ ትኖር ነበር።

ይህን ስንጽፍ ዲናሞው በመሥራት ላይ ነው። አንድ ቀን መቃጠሉ ወይም መድከሙ እንደማይቀር እናውቃለን፤ ያን ጊዜ በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ይወጣል፣ የወንድማችንም ምክር ይፈጸማል። ስለዚህ ያረጀ ነገር ሁሉ ይታደስ፣ ወይም ያረጀ ነገር ሁሉ ይጣል ብለን የምንመክር አይደለንም። የምንለው አንድ ብቻ ነው፤ አንባቢም በቤቱም ሆነ በሥራው የቆመ ነገር ቢገጥመው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ለምን እንደ ቆመ ይጠይቅ፤ ከሁሉም በፊት ግን ከዕቃው ጋራ የሚውለውን ሰው ይጠይቅ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን አንድ ዲናሞ አቃጠልን፤ ዲናሞው በሽቦ ታደሰ። የጋሼን ልብ ያደሰው ግን የራሳቸው ደግነት ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግነት ደግሞ መርካቶ ዞሮ የሚያገኘው የለም።